ፎጣ የለበሰው ፎቅ

የካቲት 9

ለወንድሜ ለመለኪያው፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ እንደ ልማድህ ቃሉን ገልብጠህ ጀርባውን እንዳታይ። ልጅ ሳለህ ጠረጴዛውንም ድመቷንም በክር ስትለካ ይህን ስም አወጣሁልህ እንጂ፣ ንግግሬንም እንድትለካ አልነበረም።

አዎ፣ ገብቻለሁ። «አትግቢ» ያልክበት ደብዳቤ የደረሰኝ አልጋዬ ተገጣጥሞ፣ ድስቶቼ ተደርድረው፣ የፀጉር ቤቴም መጋረጃ ተሰቅሎ ካለቀ በኋላ ነው። ምን ላድርግ? ዕቃዬን ሁሉ ሰብስቤ «ወንድሜ ተቆጥቷል» ብዬ መንገድ ላይ ልቀመጥ?

ለምን ገባሽ ትለኛለህ፤ የምታውቀውን ለምን ትጠይቀኛለህ? ሕንፃው የቆመው በግቢያችን ላይ ነው። አንተን ያሳደግኩበት ክፍል ዛሬ የወተት ሱቁ ፍሪጆች የተደረደሩበት ነው። ቤታችን ሲፈርስ በምትኩ ሁለት ነገር ሰጡኝ፤ ምድር ላይ ለፀጉር ቤቴ የምትሆን ሱቅ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ መኖሪያ። መሬቴን ወስደው አየር ሰጡኝ። እሺ፣ አየሩም ቢሆን የእኔ ነው።

መቼም መስታወቱን ብታየው! በምዕራብ በኩል ከምድር እስከ ጣሪያ መስታወት ብቻ ነው። ሙሽሮች እየመጡ ፎቶ ይነሱበታል። ደንበኞቼ እኔ ጋ ተሠርተው ይወጡና እዚያ ቆመው እንደገና ያበጥራሉ፤ ሙያዬን ያዋርዱብኛል። ባለቤቱን ሰፈሩ «ጋሽ መስታወት» ብሎታል፤ እሱም ሰምቶ ደስ ብሎታል አሉ።

ሙቀቱንም ጠይቀኸኛል። አይሞቅም። ትንሽ ቢሞቅም ለጉልበቴ ደግ ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ይህን ሕንፃ የነደፍከው አንተ ነህ፤ መጨረሻ ላይ ግን አልፈርምም ብለህ ጥለኸው ሄድክ። ሰው ሁሉ ምክንያቱን ይጠይቀኛል። እኔም «ወንድሜ ኩሩ ነው» እያልኩ አልፋለሁ። ኩራት ብቻ ነበር?

እህትህ

———

የካቲት 21

ለእቴቴ፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ደብዳቤ የሚያደርስልን የውሃ ቦቴው ነው፤ እሱ ደግሞ ጎማው ፈንድቶ መንገድ ላይ ከርሟል። ስልክ እንደሆነ ኮረብታው ጫፍ ካልወጡ አይሠራም፤ እዚያም ወጥቼ ብደውልልሽ «ደህና ነኝ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። በወረቀት ይሻለኛል።

ስለ ፊርማው ጠይቀሻል፤ ኩራት አይደለም።

ሕንፃው ወረቀት ላይ ሳለ ሌላ ነበር። የምዕራቡን ግድግዳ ወፍራም፣ መስኮቶቹን ጠባብ አድርጌ፣ እያንዳንዱ መስኮት ላይ ከውጭ የሚዘጋ የእንጨት መዝጊያ አድርጌለት ነበር። ከምድር እስከ ጣሪያ ደግሞ፣ በሕንፃው መሀል፣ እንደ ጭስ ማውጫ ያለ የአየር ማውጫ ነበረው። ሞቃቱ አየር በእሱ ወደ ላይ ሲሸሽ ከታች ቀዝቃዛውን ይስባል። ሱቁም መኖሪያውም በእሱ ነበር የሚተነፍሰው፤ ያለ ኤሲ፣ ቆጣሪ ሳይዞር።

አንድ ቀን ያ ጋሽ መስታወታችሁ ስልኩን ይዞ መጣ። ከሩቅ አገር የተነሳ የመስታወት ሕንፃ ፎቶ አሳየኝና «እንዲህ አድርግልኝ» አለኝ። «ይህ ያለበት አገር እኮ ፀሐይ ብርቅ ናት» አልኩት። «ፀሐይ ለሁሉም አንድ ናት» አለኝ።

ግድግዳዬ ቀርቶ መስታወት ገባ። መስኮት የሚባል ነገር ጠፋ። የአየር ማውጫው አፍ ጣሪያው ላይ በቢልቦርድ ተከደነ። ይህ ሁሉ ሲያበቃ ወረቀት ይዞ መጣ፤ «ሕንፃው በንድፉ መሠረት የተሠራ፣ ኃይል ቆጣቢ ነው» ይላል። ምድጃ ሠርቶ መኝታ ቤት ነው ብሎ መፈረም ማለት ነው፣ እቴቴ። እኔ እምቢ ስል ሌላ መሐንዲስ ፈረመለት። ከዚያ ወዲህ ከተማው ውስጥ ሥራ የሚሰጠኝ ጠፋ፤ ይኸው መንገድ እሠራለሁ። መንገድ ደግ ነው፤ ማንም መጥቶ መስታወት አልብሰው አይልም።

አይሞቅም ብለሻል። እንግዲያው አንዲት ጥያቄ ብቻ መልሺልኝ፤ ከሰዓት በኋላ የት ነው የምትቀመጪው?

እስክትመልሺልኝ ድረስ ከውስጥ መጋረጃ ልስቀል ብለሽ አትድከሚ። ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ከገባ በኋላ መጋረጃ መዝጋት፣ ሌባ ቤት ውስጥ እያለ በር ቆልፎ አብሮ መታሰር ነው። ይልቅ አክስታችን ዘንድ ሂጂ። እባክሽ። እኔ ተሸንፌ ወጥቻለሁ፤ አንቺ ለእኔ ብለሽ አትቀቀይ።

ወንድምሽ

———

መጋቢት 7

ለወንድሜ፣

ደረጃው ላይ።

ይኸው መለስኩልህ፤ ከሰዓት በኋላ የምቀመጠው ደረጃው ላይ ነው። ብቻዬን አይደለሁም፤ ከአራተኛ ፎቅ ወደ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ደረጃው ላይ ነው። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስትዞር ቤቴ ወለሉ በባዶ እግር አይረገጥም። ጠረጴዛ ላይ የተውኩትን ሻማ ማንም ሳይለኩሰው አጎንብሶ አገኘሁት፤ የሚሰግድ ነው የሚመስለው። ኤሲ ያስገቡ አሉ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲከፍቱት ግን መብራቱ ድርግም ይላል። መብራት ሲጠፋ ታች ያለው ወተት ሻጭ ጭንቅላቱን ይዞ ይወጣል፤ ወተቱ ፍሪጅ ውስጥ እንዳለ ይጎመዝዝበታል።

ደረጃው ላይ ጎረቤት አፈራሁ። ከጎኔ ያለችው ነርስ ናት፤ እርጉዝ ናት፣ ሁለት ወር ቀርቷታል። ከእኔ በላይ ሰባተኛ ፎቅ ላይ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር የነበሩ ሽማግሌ አሉ፤ ሹፌሩ አባባ እንላቸዋለን። ጨዋታ አዋቂ ናቸው። «በረሃ ስነዳ እንኳ መስኮት ነበረኝ» ይላሉ።

አክስታችን ዘንድ ሂጂ አልከኝ። አልሄድም። ተሸንፌ ወጥቻለሁ ስትለኝ ደግሞ ተናደድኩ። እኔ ያሳደግኩት ልጅ እምቢ ማለትና መሸነፍ ሁለት ነገር መሆኑን እንዴት አያውቅም? አንተ እምቢ ብለህ ሄድክ። እኔ እምቢ ብዬ እቀመጣለሁ።

ከዚያ ፎጣ ሰቀልኩ።

መጋረጃ ከውስጥ አይረባም ብለኸኝ የለ? እንግዲያው ከውጭ ይሁን አልኩ። ፀጉር ቤት ደግሞ ፎጣ አይቸግረውም። ነጭ ነጩን መርጬ ሰፋሁት። መስታወት ጠራጊዎቹ የሚያልፉባት ጠባብ በር መሳይ በየቤቱ አለች፤ በእሷ አውጥቼ በገመድ አሰርኩት። በማግስቱ ነርሷ መጣች። እጇን መስታወቴ ላይ አድርጋ ቆየች። ወጣችና አንሶላዋን ይዛ ተመለሰች። ከእሷ ቀጥሎ ሌላው፣ ከሌላው ቀጥሎ ሌላው። ገመዱ ከቤት ቤት እየተሻገረ ነው። የሙሽሮቹ ፎቶ አንሺ መጥቶ አየና ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

የሕንፃው ሥራ አስኪያጅም መጣ፤ ክራቫቱን አስሮ፣ ላብ በላብ ሆኖ።

«እትዬ፣ ይህ እኮ የሕንፃው ፊት ነው» አለኝ።

«ፊቱ ከሆነማ አልቦታል፤ ፎጣው ለዚያ ነው» አልኩት።

«ውበቱን አጠፋችሁት!»

«የእኔ ልጅ፣ ስለ ውበት ለእኔ አትንገረኝ፤ እንጀራዬ ነው። ማንንም ከማስዋቤ በፊት ግን መተንፈሱን አያለሁ።»

ደረጃው ሙሉ ሳቀበት። እሱ ግን ሲወርድ ዞር ብሎ አንድ ነገር ጣለ። ለከተማው የሕንፃ ቢሮ አቤቱታ አስገብተናል፤ ይህን ያውቃል። «ምስክራችሁ ማን ነው? ወንድምዎት ራሱ ለእኛ ነው የሚፈርመው» አለኝ። ጋሽ መስታወት ደብዳቤ ጽፎልሃል እንዴ?

እህትህ

———

መጋቢት 17

ለእቴቴ፣

የፎጣውን ነገር ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፤ የካምፑ ወጥ ቤት ሠራተኛ ታምሜ መስሎት ውሃ አመጣልኝ።

አሁን ስሚኝ። ፎጣው መስታወቱ ላይ እንዳይለጠፍ። በፎጣውና በመስታወቱ መሀል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ተዪ፤ አየር ይለፍበት። ነጭ መምረጥሽ ትክክል ነው፤ ጥቁር ብርድ ልብስ የሰቀለ ካለ አውርዱት። ከታች በኩልም እሰሩት፤ ነፋስ ከገባበት እንደ ጀልባ ሸራ ይጎትታችኋል። ማንም ሰው ደግሞ በዚያች በር ወገቡን አያውጣ፤ ገመዱን በረጅም እንጨት አሻግሩ። ይህን ለሁሉም ንገሪያቸው፤ ደግመሽ ንገሪያቸው። ነርሷ እንዳትሞክር።

ፎጣ ግን ፎጣ ነው። ዝናብ ያበሰብሰዋል፣ ፀሐይ ትበላዋለች። የሚያስፈልገው መዝጊያ ነው፤ አየር ማውጫውም መከፈት አለበት።

ስለ ሰውዬው ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ሥራዬ ደህና ነው።

አንድ ነገር። ስለ ሹፌሩ አባባ ሁለት መስመር ጽፈሽ ሦስተኛው ላይ ዝም ብለሻል። ፎጣው ሲሰቀል የት ነበሩ? እንደዚህ ያለ ቀን ላይ እሳቸው አንድ ቀልድ ሳይናገሩ አይቀሩም ነበር።

ወንድምሽ

———

መጋቢት 30

ለወንድሜ፣

እንዴት ነህ አልልህም፤ ተቆጥቻለሁ።

ሹፌሩ አባባ ሆስፒታል ናቸው። ያን ደብዳቤ ስጽፍልህም ሆስፒታል ነበሩ። እኔ ፎጣ ከመስቀሌ በፊት ባለው ቀን ደረጃው ላይ አልወረዱም። የተኙ መሰለን። ነርሷ ናት «ልያቸው» ብላ የወጣችው። ወለሉ ላይ ወድቀው፣ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ማን እንደሆነች እንኳ አላወቋትም። በእርጥብ አንሶላ ጠቅልላ አቆየቻቸው። በሕይወት አሉ፤ ጨዋታቸውም ተመልሷል፤ ሐኪሞቹ ግን ኩላሊታቸውን እየተከታተሉ ነው። ያልነገርኩህ «ውጪ፣ ውጪ» እያልክ እንዳታስጨንቀኝ ነው። ፎጣውን የሰቀልኩት ተናድጄ እንጂ ሞቆኝ አልነበረም።

ይህን ደብቄሃለሁ፤ አንተም ደብቀኸኛል። ያንተ ግን ይብሳል።

ጋሽ መስታወት ራሱ ፀጉር ቤት መጣ። አንዷን ደንበኛ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስገብቼ ነበር። ተቀመጠ፣ ራሱን መስታወቴ ላይ አየ፣ ፀጉሩን ዳሰሰ።

«ወንድምዎት አስተዋይ ሰው ነው» አለኝ። «እየተስማማን ነው።»

«በምን?»

«አልነገረዎትም እንዴ?» ብሎ የተገረመ መሰለ። ከዚያ ነገረኝ። ቢሮው «የመጀመሪያው ንድፍ ባለቤት ይጠየቅ» ብሏል። አንተ መጥተህ ሕንፃው በንድፌ መሠረት ነው ብለህ ትፈርማለህ። እሱ ለሚቀጥለው ሕንፃው ዋና መሐንዲስ ያደርግሃል። ለእኔም ለቤቴና ለሱቄ ኤሲ ያስገባልኛል፤ መብራት ሲጠፋ እንኳ የማይጠፋ። «እርስዎ ብቻ ፎጣዎን ያውርዱ፤ ሌሎቹ ይከተላሉ» አለኝ።

«እኔን ለብቻዬ የምታቀዘቅዘኝ ሬሳ ነኝ?» አልኩት።

ካስኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ምንም አትሰማም ብዬ ነበር፤ በሳቅ ፈነዳች። እሱ ግን አልሳቀም። «ያስቡበት» ብሎ ወጣ።

አንተ ግን እያሰብክበት ነው? ኤሲው ከቤቴ ያወጣውን ሙቀት የት እንደሚተፋው አንተ ታውቃለህ፤ የነርሷ መኝታ ቤት ላይ ነው። በላይ በኩል ሽማግሌው እየተቀቀሉ፣ በጎን በኩል እሷ ስታምጥ፣ እኔ መሀል ላይ ብርድ ልብስ ለብሼ ልተኛ? እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኩህ?

መልስ ስጠኝ። «ሥራዬ ደህና ነው» ብለህ እንዳታልፈኝ።

እህትህ

———

ሚያዝያ 9

ለእቴቴ፣

አልዋሽሽም። አስቤበታለሁ።

የሰውዬው ደብዳቤ ሲደርሰኝ ቀድጄ ልጥለው ነበር። አልጣልኩትም። ትራሴ ሥር አኖርኩት። አንቺ «አይሞቅም» እያልሽ ስትጽፊልኝ እኔ ደግሞ ያ መስታወት ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ የሠራሁት ስሌት ነው። ሕንፃውን ሁሉ ማዳን ካልቻልኩ አንዲቷን ክፍል ላድን አልኩ። እናታችን ከሞተች በኋላ በራስሽ ድርሻ ያሳደግሽኝ ሴት አንድ ቀን እንኳ በእኔ ምክንያት ይመቻት ብዬ ነው። ክፉ ሐሳብ አይመስልም ነበር፤ አደጋውም እሱ ነው።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ መለስኩለት። የጻፍኩት አንድ መስመር ነው፤ «በሌለ ግድግዳ ላይ አልፈርምም።»

ወደ ቢሮው ስብሰባ እመጣለሁ። የመጀመሪያውን ንድፍ ይዤ እመጣለሁ፤ የተጠየቅኩትንም ያልተጠየቅኩትንም እናገራለሁ። አለቃዬን ፈቃድ ስጠይቀው «ከሄድክ ቦታህ ላይ ሰው አስገባለሁ» አለኝ። «አስገባ፣ መስታወት ብቻ እንዳታስገባ» አልኩት። ነገሩ አልገባውም፤ አኮረፈ።

ከዚህ ጋር የመዝጊያውን ሥዕል ልኬያለሁ። ከጣውላ ይሠራል፤ በዚያችው ጠባብ በር በኩል የሚታሰር፣ ሲፈለግ የሚታጠፍ ነው። ማንኛውም አናጢ ይሠራዋል። ውሳኔውን አትጠብቁ፤ መጀመሪያ የሚሰቀለው ሰባተኛ ፎቅ ላይ ይሁን፤ ሹፌሩ አባባ ሲመለሱ ያግኙት።

ተሸንፌ ወጥቻለሁ ብዬሽ ነበር። ያን ቃል አንስቻለሁ።

ወንድምሽ

———

ግንቦት 11

ለወንድሜ፣

እንደምን ገባህ? ከመሐንዲስነት አውርደው ድንጋይ ቆጣሪ አደረጉህ አሉ። ቁጠር። ያን ቀን ቢሮው ውስጥ ቆመህ ስትናገር ያየ ሰው ድንጋይ ስትቆጥርም ያከብርሃል። ያ ሌላው መሐንዲስ፣ የፈረመው፣ ዓይንህን ማየት አቅቶት ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ነርሷ «ቢልቦርዱን እየፈለገ ነው» ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። አሁን ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው።

ቢሮው በስብሰባው ባዘዘው መሠረት ቢልቦርዱ ከወረደ በኋላ አየሩ ተንቀሳቀሰ ወይ ብለሃል። የወረደ ዕለት በእኔ ፎቅ ያለው የአየር ማውጫ ቀዳዳ ጋ ሄጄ ለፀጉር የምጠቀምበትን ስስ ወረቀት ዘረጋሁት። ከእጄ መንጭቆ ወደ ላይ ይዞት ሄደ! እንደ ሕፃን ጮህኩ። ደግሜ ዘረጋሁ፣ ደግሞ ወሰደው። ስንት ወረቀት እንዳባከንኩ አትጠይቀኝ። ደረጃው ላይ የሚቀመጥ ሰው አሁንም አለ፤ ግን ለወሬ ነው። ወተት ሻጩም ወተቱ ሳይጎመዝዝ ውሎ ያድርለታል።

ውሳኔው በጽሑፍ ደርሶናል፤ ግማሽ ድል ነው። አየር ማውጫው ክፍት ሆኖ ይቆያል። በየቤቱ የሚከፈት መስኮት ይወጣል። መስታወቱ ግን አይነሳም፤ ፎጣና አንሶላውም ይውረድ ይላል። ተሰብስበን ተነጋገርን። አናጢው ሥዕልህን አንብቦ የሹፌሩ አባባንና የነርሷን ጨርሶ ሰቅሏል፤ የሌሎቹን እየሠራ ነው። መዝጊያ የተሰቀለለት ሰው ፎጣውን ያወርዳል። ያልተሰቀለለት አያወርድም። ቢሮው ቅጣት ቢያመጣም አያወርድም። ይህን ጽፈን ሁላችንም ፈርመን ሰጠን። እኔ በትልልቅ ፊደል ነው የፈረምኩት።

ጋሽ መስታወት በበኩሉ ተበቀለ። ሊፍቱን ዘጋው። በሩ ላይ ምን ብሎ እንደለጠፈ ልንገርህ? «ኃይል ለመቆጠብ ሲባል» ይላል። አየህ፣ ትምህርትህ ገብቶታል።

የዘጋው ደግሞ ሹፌሩ አባባ ከሆስፒታል በሚወጡበት ቀን ነው። እግራቸው አልጠናም። ታክሲው በር ላይ ሲያወርዳቸው ሊፍቱን አዩ፣ ጽሑፉን አነበቡ፣ ወደ ደረጃው ቀና አሉ። ፊታቸው ሲጠቁር አየሁት። ያን ጊዜ ወደ ሱቄ ገብቼ ባለ እጀታውን ወንበር፣ ደንበኛ የምሠራበትን፣ አወጣሁ። አናጢው ሁለት ጣውላ ከሥሩ አሰረለት። ወተት ሻጩና አናጢው ከፊት፣ የነርሷ ባልና የአራተኛ ፎቁ ልብስ ሰፊ ከኋላ ሆነው አነሷቸው። እኔ ከበስተኋላ መድኃኒታቸውን ይዤ።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሳንደርስ ሹፌሩ አባባ ሥራቸውን ጀመሩ። «ቀኝህን ያዝ! ቀኝህን! ኩርባ ነው፣ አትፍጠን!» ሦስተኛው ላይ «ፌርማታ!» ብለው አዘዙ፤ ተሸካሚዎቹ ወንበሩን አስቀምጠው ተነፈሱ፤ ከየበሩ ውሃ ወጣላቸው። በየፎቁ ሰው ይጨመራል፤ አራተኛው ላይ ልብስ ሰፊውን ሚስቱ ተካችው፤ ከባሏ ትሻላለች። ከታች አየሩ ሽው እያለ ያልፈናል።

አምስተኛ ፎቅ ላይ ሥራ አስኪያጁ ቆሞ ጠበቀን። መንገድ አልዘጋም፤ እንዲያውም ያዘነ ይመስል ነበር።

«አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ እንዲህ ከሚንገላቱ ምድር ላይ ሌላ ቤት ይፈለግልዎት» አላቸው። «ባለቤቱም ፈቃደኛ ነው። ይውረዱ።»

ተሸካሚዎቹ ወንበሩን አላስቀመጡም። ወተት ሻጩ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ እንደ ተሳፋሪ ጮኸ፤

«ሹፌር፣ ወራጅ አለ?»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ከኋላቸው የሰሙት ቃል ነው። የወንበሩን እጀታ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ቀና አሉ።

«ወራጅ የለም! ንዳው!»

ነዳነው።

እህትህ